«ኪሎ አለሽ?» ከማለታችሁ በፊት፦ ከውጭ አገር ዕቃ በመንገደኛ ጎጃም ድረስ ማስመጣት

ካቻምና ከአንዲት የሩቅ ዘመዴ ጋር ተኳረፍን። ምክንያቱ አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ለገና ከሜሪላንድ ስትመጣ «አንድ ጫማ ብቻ ይዘሽልኝ ነይ» አልኳት። «ምን ችግር አለው» አለችኝ። ጫማው ከነካርቶኑ ሻንጣዋን አጣበበው። ኤርፖርት ላይ ሚዛኑ አለፈና ከኪሷ ከፈለች። ባሕር ዳር መጥታ ስትሰጠኝ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔም የጫማውን ዋጋ ብቻ ሰጠኋትና ተሰነባበትን። ከወራት በኋላ በሰው በሰው ሰማሁ፦ «ሻይ እንኳን አልጋበዘኝም» ብላለች። እሷ ይሉኝታ ይዟት አልጠየቀችም። እኔ ደግሞ «ስንት ወጣብሽ?» ማለት ዘመድን እንደ ነጋዴ መቁጠር መስሎኝ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለጎረቤትም ዕቃ ሳስመጣ ዋጋውን አስቀድሜ ነው የምቆርጠው። እስካሁን ደግሜ የተኳረፍኩት ሰው የለም። የምሠራበትን መንገድ እነሆ።

አሠራሩ ከየት መጣ

«መንገደኛ ሻንጣው ውስጥ ቦታ አለው፣ አገር ቤት ያለው ሰው ዕቃ ይፈልጋል» የሚለውን ነገር ሥራ ያደረጉት ድርጅቶች አሉ። ሳንፍራንሲስኮ የተነሣው ግራብር፣ የሲንጋፖሩ ኤርፍሮቭ፣ የቤልጅጉ ፒጊቢ በዚህ ታውቀዋል። ግራብር በተለይ አርጀንቲናና ብራዚል ውስጥ ገበያ ያገኘው ያለ ነገር አይደለም። እዚያም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ቀረጡ አናት ያዞራል።

አካሄዱ ቀላል ነው። ፈላጊው የሚፈልገውን ዕቃ ከነሊንኩ ይለጥፋል። ወደዚያ ከተማ የሚመጣ መንገደኛ «ለድካሜ ይህን ያህል ከሰጠኸኝ አመጣዋለሁ» ይላል። ከተስማሙ ፈላጊው የዕቃውን ዋጋ፣ የድካሙን ዋጋና የድርጅቱን ኮሚሽን አንድ ላይ ይከፍላል። ገንዘቡ ግን መንገደኛው እጅ አይገባም። ድርጅቱ ጋ በአደራ ይቀመጣል። መንገደኛው በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ያመጣል። ፈላጊው ዕቃውን አይቶ «ተረክቤያለሁ» ሲል ያኔ ገንዘቡ ይለቀቅለታል።

እኛ ጋ ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክና በዘመድ ነው። «ከዲሲ አዲስ አበባ፣ 10 ኪሎ አለኝ» የሚል ማስታወቂያ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዘዴውን ግን ከእነሱ መዋስ እንችላለን። ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ዋጋው ቀድሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ መሐል ይቀመጣል፣ መንገደኛው የያዘውን ነገር ዓይቶ ያውቀዋል።

ሦስተኛውን ችላ አትበሉት። «ኪሎ መግዛት» ማለት ብዙ ጊዜ ያልታወቀ ሰው ያሸገውን ጥቅል ተሸክሞ መምጣት ነው። «ገዝቶ ማምጣት» ሌላ ነው። ይህ መመሪያ የሁለተኛው ነው።

1. ዕቃው ለመንገደኛ የሚሆን ነው ወይ?

በመንገደኛ የሚያዋጣው ትንሽ፣ ቀላል፣ ውድ እና እዚህ ኦሪጅናሉ የማይገኝ ዕቃ ነው። የሕክምና ተማሪ ፍለጋ የሚንገላታበት ስቴቶስኮፕ (የልብ ማዳመጫ)፣ የካሜራ ሌንስ፣ የላፕቶፕ ባትሪ፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ የስፌት ማሽን መለዋወጫ። ብርድ ልብስና ብረት ድስት አያዋጣም። መርካቶ ባይገኝ እንኳን ባሕር ዳር ገበያ ዞር ዞር ብትሉ አታጡትም።

ኤሌክትሪክ የሚሠካ ነገር ከሆነ ቮልቱን ሳታዩ ጣታችሁን አታንሡ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ወንድሜ ዳንግላ ላይ ፀጉር ቤት ሲከፍት ከአሜሪካ ቶንዶስ አስመጣሁለት። ባለ ገመድ፣ ከባድ፣ የሚያምር ማሽን ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛ ተቀመጠ፣ ፎጣው ታሰረለት፣ ወንድሜ ሶኬቱን ሰካው። ማሽኑ እንደ ንብ ጮኸ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቤቱን የተቃጠለ ጎማ ሸተተው፣ ከዚያ ዝም። ልጁ ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ ጎረቤት ወዳለው ፀጉር ቤት ሄደ። እስከ ዛሬ «የአሜሪካው» ይሉታል ልጁን።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከማሽኑ ጀርባ ወይም ከቻርጀሩ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ማየት ነበረብኝ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ ያለ ሥጋት ይሠራል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር በአብዛኛው እንዲህ ነው። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ወይ ትራንስፎርመር ግዙ፣ ወይ ተዉት። መንገደኛውን «የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» በሉት። የሶኬቱ ጥርስ ጠፍጣፋ መሆኑ ግን አያስጨንቅም፣ አዳፕተር በየሱቁ አለ።

ስልክ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ለአንድ የአሜሪካ የቴሌፎን ድርጅት የተቆለፈ ነው ወይስ ክፍት? በወር ክፍያ የሚሸጡት ብዙ ጊዜ የተቆለፉ ናቸው፤ የእኛን ሲም አይቀበሉም። ሁለተኛ፣ አሜሪካ የተሸጡ አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም። የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ካርድ በሌለው ስልኩ ውስጥ ባለ ሲም፣ ብቻ ነው። ይህን ሳያውቅ ስልኩን እያገላበጠ ቀዳዳ ሲፈልግ የዋለ ሰው አውቃለሁ።

ጫማና ልብስ ላይ ቁጥር ብቻ አትላኩ። የአሜሪካና የአውሮፓ ቁጥር ይለያያል። ወረቀት ላይ ቁሙ፣ እግራችሁን በእርሳስ አዙሩት፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት በሴንቲ ሜትር ለኩና እሱን ላኩ።

2. ትእዛዙን ጻፉት

በስልክ የተነገረ ትእዛዝ አየር ላይ ይቀራል። «ጥቁሩን ነው ያልኩሽ»፣ «አይ፣ ሰማያዊ ነው ያልከኝ» ይመጣል። አጭር አድርጋችሁ ጻፉት። እኔ ደብረ ማርቆስ ለምትማር የእህቴ ልጅ ብዬ ለመንገደኛዋ የጻፍኩት ይህን ይመስላል፦

«እንደምን ከረምሽ እህቴ። የሚፈለገው፦ ስቴቶስኮፕ፣ ሊትማን ክላሲክ 3፣ ቀለሙ ጥቁር፣ ብዛት 1፣ አዲስ። ሊንኩ ከታች አለ። ከሌላ ሻጭ ርካሽ ብታገኚ እንኳን ሳትነግሪኝ እንዳትገዢ፣ ፎርጂዱ ብዙ ነው። ጥቁሩ ከጠፋ ግራጫ ይሆናል፤ ሌላ ቀለም አይሆንም። ካርቶኑ ይጣል፣ ደረሰኙ ይቀመጥ። የምረከበው ባሕር ዳር ነው።»

«ከጠፋ ምን ይሁን?» የሚለውን አትርሱት። መንገደኛው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሲደውል እናንተ ተኝታችሁ ይሆናል። ከሜሪላንድ ጋር ያለን የሰዓት ልዩነት ሰባት ስምንት ሰዓት ነው።

3. መንገደኛ ፍለጋ

ጊዜውን አስተውሉ። ለጎጃም ሰው የመንገደኛ ወቅቱ ታኅሣሥና ጥር ነው። ገናና ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ጥር 23 ደግሞ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ይከበራል። ለዚህ ትእዛዛችሁን ኅዳር ሳያልቅ ስጡ። ሰው ሻንጣውን የሚሞላው ከበረራው ሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ «ኪሎ አለሽ?» ማለት ማስጨነቅ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ፋሲካ ነው፣ ከዚያም ክረምቱ፣ የውጭዎቹ ልጆች ትምህርት ሲዘጋ።

ዘመድ ካልሆነ ሰው ጋር ስትዋዋሉ እነዚህን አጣሩ። የቲኬቱን ፎቶ፣ የበረራ ቀኑና ስሙ የሚታይበትን ክፍል ብቻ፣ ጠይቁ። የፓስፖርት ቁጥር አያስፈልጋችሁም፣ አትጠይቁም። እናንተና እሱ የምታውቁት አንድ ሰው መሐል ላይ ካለ ግማሽ ሥራው አለቀ። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰው አሥር ደቂቃ ካወራ አንድ የጋራ ዘመድ አያጣም። ቻናል ላይ «ዛሬውኑ ሙሉውን ክፈል፣ ቦታው እያለቀ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እለፉት። የሚያጣድፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚበር ሰው አይደለም።

4. ዋጋ መቁረጥ

ሁሉም የሚሸሸው ይህን ነው። አትሽሹት።

ሁለት ዓይነት አቆራረጥ አለ። ከባድና ርካሽ ዕቃ በኪሎ ይታሰባል። ቀላልና ውድ ዕቃ በመቶኛ ይታሰባል። ስልክ 200 ግራም ብትመዝን ነው። በኪሎ ከታሰበ መንገደኛው የሚያገኘው የለውም። ግን ብትጠፋበት የሚያስጨንቀው ሙሉ ዋጋዋ ነው። ስለዚህ ለስልክ በኪሎ እከፍላለሁ ማለት ነውር ነው፤ ለሕፃን ልብስ በመቶኛ ማስከፈልም እንዲሁ።

የስቴቶስኮፑን ሒሳብ እንሥራው። ዋጋው 100 ዶላር ነው እንበል። ሜሪላንድ ውስጥ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው፣ 106 ሆነ። ሱቁ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ታክሱን አይጨምርም፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ለድካሙ 20 ዶላር ተስማማን እንበል፣ 126። በድርጅት በኩል ከሆነ ኮሚሽን ይጨመራል። ከቦሌ ባሕር ዳር የሚደርስበት ወጪ ካለ ለብቻው በብር ይጻፍ። አሁን ይህን ቁጥር እዚህ ከሚሸጠው ዋጋ ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እዚሁ ግዙ፤ ቢበላሽ የምትመልሱለት ሰው አለ። ከአሜሪካ የመጣውን ዕቃ ግን ማን ተመልሶ ይወስድላችኋል?

ምንዛሪውን አስሩት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የተስማማችሁበት ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል። እኔ የምለው «ዕቃው በተገዛበት ቀን በባንክ መሸጫ ዋጋ» ነው። መንገደኛው ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ ይልካል፣ የዚያን ዕለት የባንኩን ዋጋ እናያለን፣ በብር እንጽፈዋለን። ከዚያ በኋላ ዶላር ወጣ ወረደ ብሎ ነገር የለም። በነገራችን ላይ አገር ውስጥ ዶላር እጅ በእጅ መክፈል ሕጉ አይፈቅድም፤ «በዶላር ካልሆነ» የሚል መንገደኛ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ለዘመድ እንዴት ይነገር? «እትዬ፣ የድካምሽን ካልነገርሽኝ አላዝሽም» ብሎ መጀመር ነው። መጀመሪያ ትቆጣለች። «አንተ ደግሞ፣ ገንዘብ ልቀበልህ ነው?» ትላለች። እናንተ ወደ ኋላ አትበሉ። «እንግዲያው ኪሎው ካለፈ የምትከፍዪው በእኔ ነው» በሉ። ይህን እምቢ የሚል ዘመድ እስካሁን አላጋጠመኝም። በገንዘብ ምትክ ሌላ ነገር ከመረጠች እሱም ይጻፍ። አንዷ አክስቴ የአዴት ነጭ ጤፍ 25 ኪሎ አስፈጭቼ እናቷ ቤት እንዳደርስ ነው የተዋዋለችኝ። ከዚያ የጠራ ውል አይቼ አላውቅም።

5. ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

በድርጅት በኩል ካስመጣችሁ ድርጅቱ ይይዘዋል። ችግሩ የእኛ አገር የባንክ ካርድ ብዙዉ የውጭ ድረ ገጽ ላይ አለመክፈሉ ነው። ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት በካርዱ ይክፈልላችሁ።

በዘመድና በቴሌግራም ከሆነ መሐል ሰው አቁሙ። ሁለታችሁም የምታምኑት፣ ለሁለታችሁም የማያዳላ። ሙሉ ገንዘቡ በቴሌብር ወይም በባንክ እሱ ጋ ይገባል። ገቢ ያደረጋችሁበትን መልእክት ለመንገደኛው ላኩለት። እሱም ልቡ አርፎ በራሱ ገንዘብ ይገዛል። እናንተ ዕቃውን ስታዩ መሐል ሰውየው ይለቅለታል። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በቴሌብር መሆኑ ብቻ ነው።

መንገደኛው በራሱ ገንዘብ መግዛት ካልቻለ ቀብድ ስጡ። ሲሶው ይበቃል። ሙሉውን አስቀድሞ መስጠት ለማያውቁት ሰው ልብ ማውለቅ ነው። ዕቃው ከ20 ሺህ ብር በላይ ከሆነ እኔ ሁለት እማኝ የፈረመበት አንድ ገጽ ውል አደርጋለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

6. ለመንገደኛው፦ ሻንጣ ከመዝጋትህ በፊት

አሁን ወንበሩን ላዙረው። ተሸካሚው አንተ ነህ እንበል።

የታሸገ ነገር አትቀበል። ማንም ይስጥህ ማን፣ ቀሳውስትም ቢሆኑ። ኤርፖርት ላይ «ሻንጣውን ራስህ ነህ ያሸግከው? ሌላ ሰው የሰጠህ ነገር አለ?» ተብለህ ትጠየቃለህ። መልሱ «የጎረቤቴ ልጅ ነው የሰጠኝ፣ ውስጡን አላየሁትም» ከሆነ አብቅቷል። ለዚህ ነው ራስህ ገዝተህ ማምጣት የሚሻለው። የሰው ዕቃ ከያዝክም ባለቤቱ ባለበት ክፈተው፣ ዘርግፈው፣ መልሰህ አሽገው። የሳሙና ካርቶን ውስጥ ሳሙና መኖሩን እይ። የሚቆጣ ሰው ካለ ይቆጣ፣ ዕቃውንም ይውሰድ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የውጭ በረራ ላይ በኢኮኖሚ ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቅዳል። ቲኬትህን አንብብ። የተንጠልጣይ ሚዛን ግዛ፣ ከአሥር ዶላር ብዙም አይበልጥም። 22 ኪሎ ላይ አቁም፤ የአንተ ሚዛንና የእነሱ ሚዛን አንድ ሆኖ አያውቅም። የጫማ ካርቶን ጣል፣ ጫማው ውስጥ ካልሲና ቻርጀር ጠቅጥቅ።

ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ነው የሚገባው። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ያስከፍቱሃል። እስከ 100 ዋት ሰዓት (የባትሪ ጉልበት መለኪያ ነው) ያለ ልዩ ፈቃድ ይያዛል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ያልፋል። 30,000 የሚለው 111 ይሆናል፣ አየር መንገዱን ማስፈቀድ አለብህ። «ትልቁን አምጣልኝ» ለሚሉህ ይህን ንገራቸው። ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ሽቶና ሎሽን ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ።

7. ጉምሩክ

ጉምሩክ የሚያየው «ይህ ለግል መገልገያ ነው ወይስ ለንግድ?» ብሎ ነው። አንድ ስቴቶስኮፕ ብዙ ጊዜ ማንም አይነካውም። አምስት አንድ ዓይነት ስልክ ግን ንግድ ነው። ያለ ቀረጥ የሚፈቀደው ዝርዝር በየጊዜው ስለሚሻሻል ከጉዞው በፊት የጉምሩክ ኮሚሽንን ገጽ እዩ። ከአንድ በላይ ሰዎች ስልክ እንዲያዝላቸው ከጠየቁ መንገደኛው አንዱን ብቻ ይምረጥ፣ ሌሎቹ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ቀረጥ ቢጠየቅ ማን ይከፍላል? ይህ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። ትክክሉ ፈላጊው ነው፣ በደረሰኝ። ደረሰኝ የሌለው «እዚያ ጋ የሆነ ነገር ከፍያለሁ» አይቆጠርም። የግዢው ደረሰኝ ከዕቃው ጋር ከሆነ ግምቱ ላይ ክርክሩ ይቀንሳል።

ድሮን ያለ ፈቃድ አይገባም። «ለሠርግ ቪዲዮ ነው» ማለት አያድንም፣ ቦሌ ላይ ይቀራል። መድኃኒት በራሱ ማሸጊያ፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር፣ ለአንድ ሰው በሚበቃ መጠን ብቻ።

8. ከቦሌ እስከ ጎጃም

የድርጅቶቹ መመሪያ «በከተማው ካፌ ተገናኙ» ብሎ ያበቃል። የእኛ ሥራ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው።

መንገደኛው ራሱ ባሕር ዳር የሚመጣ ከሆነ ከቦሌ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን የአገር ውስጥ በረራ የሚፈቅደው ኪሎ ከውጭው ያነሰ ነው። ቲኬቱ እስከ ባሕር ዳር በአንድ ላይ ከተቆረጠ የውጭው ሊያዝለት ይችላል፤ ለብቻ ከተቆረጠ አዲስ አበባ ላይ እንደገና ሚዛን አለ። ቲኬት ሲቆርጥ ይጠይቅ።

መንገደኛው አዲስ አበባ የሚቀር ከሆነ አንድ ተቀባይ መድቡ። ስሙና ስልኩ መንገደኛው ዘንድ አስቀድሞ ይኑር። ከዚያ በመኪና። ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባሕር ዳር በማርቆስ በኩል 560 ገደማ ነው። የአባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት፣ ደጀን፣ ማርቆስ፣ ደንበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ኮሶበር፣ ዳንግላ። ለአውቶቡስ ረዳት ሰጥቶ መላክ የቆየ ልማድ ነው፤ ለበርበሬና ለመጽሐፍ እኔም እልካለሁ። ለስልክና ለላፕቶፕ ግን አልመክርም። የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ይቆይ።

በረዳት ከላካችሁ የታርጋ ቁጥሩን፣ የረዳቱን ስልክና የተነሣበትን ሰዓት ያዙ። ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ስፉት፤ በፕላስተር ብቻ የታሸገ እየተከፈተ ይዘጋል፣ የተሰፋ ግን መነካካቱ ይታወቃል። እናቴ ቅቤ ስትልክልኝ የምትሰፋበትን ቀይ ክር እስካሁን ለዚሁ ነው የማውለው። አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለች። ለተቀባዩ አራት አኃዝ ያለው የምስጢር ቁጥር ስጡት፣ ለረዳቱም ንገሩት። ቁጥሩን ያልጠራ አይቀበልም። ዳንግላ መናኸሪያ ላይ «የእኔ ነው» የሚል አይጠፋም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔትም የሚጠፋበት ጊዜ አይተናል። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ቴሌግራም ላይ አትተዉት። ስልክ ቁጥሮቹንና ትእዛዙን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ መደበኛ ስልክ ጥሪና አጭር መልእክት ሊሠሩ ይችላሉ። ውሉ ላይ ደግሞ አንዲት መስመር ጨምሩ፦ «መንገድ ከተዘጋ ዕቃው አዲስ አበባ እገሌ ጋ ይቆያል፣ የመንገደኛው ድካም ግን አዲስ አበባ ላይ እንዳስረከበ ይከፈላል።» የተዘጋው መንገድ የእሱ ጥፋት አይደለም።

9. ርክክብ

ቀን ላይ፣ ሰው ባለበት። ባሕር ዳር ከሆነ ጊዮርጊስ አካባቢ ካሉት ካፌዎች አንዱ ጥሩ ነው፤ ሶኬት ያለበት ጠረጴዛ ምረጡ። ማክያቶው በእናንተ።

ዕቃውን እዚያው ክፈቱ። ስልክ ከሆነ *#06# ደውሉና የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ወይም ከደረሰኙ ጋር አስተያዩ። ከዚያ የፊተኛ ባለቤት አካውንት የሚጠይቅ መሆኑን እዩ። ከጠየቀ አትቀበሉ፤ ያ ስልክ ለእናንተ ጡብ ነው። ኤሌክትሪክ ከሆነ ሰክታችሁ አምስት ደቂቃ አሠሩት። የወንድሜ ቶንዶስ ቢያንስ ካፌ ውስጥ ተቃጥሎ ቢሆን የልጁ ፀጉር በተረፈ። ስቴቶስኮፕ ከሆነ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ የአስተናጋጁን ልብ አድምጡ። የእህቴ ልጅ እንዲያ አደረገች። አስተናጋጁ ደነገጠ፣ ልቡም እንደዚያው።

ዕቃው ልክ ከሆነ እዚያው ተቀምጣችሁ ለመሐል ሰው ደውሉ፣ ገንዘቡ ይለቀቅ። «ማታ እልክልሃለሁ» የለም። መንገደኛው የገባለት መልእክት ስልኩ ላይ ሲጮህ አይታችሁ ተነሡ። ዕቃው ከትእዛዙ ውጭ ከሆነ ደግሞ የተጻፈውን አውጡ። በጽሑፉ መሠረት ከገዛ መክፈል አለባችሁ፣ ባይመቻችሁም። ያልታዘዘውን ካመጣ አትረከቡም። በመንገድ ከተሰበረ እኔ ዋጋውን እኩል መካፈልን እመርጣለሁ፤ ይህም ቀድሞ ይነገር።

10. መንገደኛው ሲመለስ

ያ ሻንጣ ባዶውን አይመለስም። የቡሬ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ማር፣ ቅቤ ይሞላበታል። እዚህም ሕጉ ያው ነው። የሌላ ሰው በርበሬ ከሆነ ፌስታሉ ይከፈት፣ እጅ ይግባበት፣ ይታይ። ጫት በአሜሪካም በእንግሊዝም የተከለከለ ነው፤ «ትንሽ ናት» ብሎ ነገር የለም። ቋንጣ ወደ አሜሪካ አይገባም። ምግብ ከያዛችሁ ሲደርሱ ለጉምሩኩ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ የተናገረ ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል፣ የደበቀ ግን ይቀጣል።

አውሮፓ ላሉት ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር በግል ሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። የእናታችሁ ቅቤ፣ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረችውም ብትሆን፣ የወተት ውጤት ናት። ለፍራንክፈርቱ ልጅ ሽሮውንና በርበሬውን ላኩ፣ ማሩ ከ2 ኪሎ አይለፍ፣ ቅቤውን ለፋሲካ ሲመጣ እዚሁ ይብላው።